ፔንታያና የቱማላፓዱ እምብርት ድንጋይ

ፔንታያ ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ ሲወጣ በሱቄ በር ያልፋል። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር ናት። ወንበሩን ለእሱ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ ተቀምጦበት ግን አያውቅም። በቅጠል የተጠቀለለች ሲጋራውን ቆሞ ይለኩስና "እህ ባዋ" ይለኛል። "እህ" እለዋለሁ፤ መንገዱን ይቀጥላል። ባዋ ማለት አማች ማለት ነው። እሱ ከድንጋይ ፈላጮች ወገን፣ እኔ ከጥጥ ነዳፊ እስላሞች ወገን ነን፤ በየት በኩል እንደተዛመድን ፈጣሪ ይወቅ። በአሮጌው መንደራችን በቱማላፓዱ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው አንድ ነገር ነበር፦ አጎት፣ አማች፣ ታላቅ እህት። ውሃው ቤቱን ሁሉ ሲወስድ መጠሪያዎቹን ትቶልናል።

ከእሱ በፊት ሦስት ልጆች የሞቱባት እናቱ፣ ይህኛውን ሞት እንዳይመኘው ብላ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ፍግ ክምር ላይ አንከባለለችው፤ ስሙንም ከፍጉ አወጣችለት። ፔንታያ ማለት ይኸው ነው። ሞትም ናቀውና ሰባ ስምንት ዓመት ሞላው። እኔ ሲያናድደኝ "አንተ ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ ከፍጉ አልተነሳህም" እለዋለሁ። አይቀየመኝም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ፔንታያ አይቀየምም፣ አይቆጣም፣ አይስቅም። በጉ ቢሞትም፣ ዝናቡ በጊዜው ቢዘንብም ፊቱ ያው ነው።

ቤተ መቅደሱ ላይ ዘበኛ ነው። ከከተማ የሚመጡ ጎብኚዎች በድንጋዩ የተቀረጹትን ዝሆኖችና ጨፋሪዎች ፎቶ ያነሳሉ። እሱ ግን በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ምንም ካልተቀረጸበት አንድ ድንጋይ ስር ይቀመጥና ጀርባውን ያስደግፋል። ድንጋዩ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ በኋላ ያሉት ድንጋዮች ቁጥራቸው የተንጋደደ ነው፤ በሌላ እጅ የተጻፈ መሆኑን ፊደል ያልቆጠረም ያየዋል።

ነገሩ የተጀመረው ውሃው በመጣበት ዓመት ነው። ከታች ክሪሽና ወንዝ ላይ ግድብ ተሠራ፤ እኛ ከላይ ነበርን። ከከተማ የመጡ የተማሩ ሰዎች ቤተ መቅደሳችንን ዞረው ዞረው አዩና አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመቱ ነው፣ ይህማ ውሃ ሊበላው አይገባም አሉ። ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ ኮረብታው ላይ እንደገና ይገጠማል ተባለ። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር በወረቀት ላይ ቦታ ተሰጠው። ለእኛ የተሰጠን አንድ ቃል ነው፦ ከዝናቡ በፊት ውጡ። ያኔ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ይፈላል። ግን እውነቱን ልናገርና፣ የወጣን ቀን ምንም አልተሰማኝም። መቀሴ ጠፍቶብኝ እሱን ስፈልግ ነበር።

ድንጋዩን ለመፍታት የአካባቢውን ፈላጮች ቀጠሩ። ፔንታያ ከሁሉም በላይ ድንጋይ ያውቃል፤ ቁጥር ግን አይጽፍም። ስለዚህ አምስተኛ ክፍል የደረሰችውን ልጁን ሳያማን ይዞ መጣ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ በብሩሽ እየጻፈች ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ እሱ የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞ ይደግማል። "አራት መቶ ስድስት!" ትላለች። "አራት መቶ ስድስት" ይላል። እየደገመ ነው የእያንዳንዱን ድንጋይ ቦታ በልቡ የያዘው። ድምፃቸው ታች ሱቄ ድረስ ይሰማ ነበር፤ እኔም መኪናዬን እየረገጥኩ ከእነሱ ጋር እቆጥር ነበር። ያን ጊዜ ሰውዬው ይስቅ ነበር። ቁጥር ስታሳስተው "አንቺ፣ ቤተ መቅደሱ ዘቅዝቆ ይቆማል ኋላ!" ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከሠራተኞቹ መካከል ሰንሰለትና መዘውር የሚይዝ ሱባራዩዱ የሚባል ልጅ ነበር፤ ከታች ከወንዙ አፍ አካባቢ፣ ከቴናሊ በኩል የመጣ፣ የሌላ ወገን ሰው። ማን ምን እንዳየ አላውቅም። አንድ ሰኞ ጠዋት ፔንታያ ቆርቆሮውን ይዞ ሲጠብቅ ሳያማ አልመጣችም። ሱባራዩዱም አልመጣም። የመጨረሻው የጻፈችው ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እምብርት ድንጋያችን መናገር አለብኝ። በመንደራችን መሃል፣ አራቱ መንገዶች በሚገናኙበት፣ ከጉልበት የማይበልጥ ድንጋይ ተተክሎ ነበር። የመንደሩ እምብርት ነው። ሲተከል ከመንደሩ ወጥተው ያገቡ ሴት ልጆች ሁሉ ተጠርተው ይመጣሉ፤ አንዲት እንኳን ሳትጠራ ብትቀር የመንደሩ ድንበር ያለ እሷ ይታሰራል፣ እሷም ከዚያ ወዲያ የዚያ መንደር ልጅ አይደለችም። እጅን እዚያ ድንጋይ ላይ ጭኖ የተነገረ ቃል ደግሞ ሌላ ቦታ አይነሳም። ማንሳት የፈለገ እዚያው ድንጋይ ላይ፣ እጁን ጭኖ፣ ሰው እየሰማ ያነሳዋል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ነው፤ እኔ እስላም ብሆንም እዚያ ድንጋይ ላይ ዋሽቼ አላውቅም።

ፔንታያ በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ሰው ተሰበሰበ። ሚስቱ ኡሴናማ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ከኋላ ቆማ ነበር። ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ጫነ።

"ሴት ልጅ የለኝም" አለ።

ሦስት ጊዜ አለው። አልጮኸም፤ እንዲያውም ቁጥር የሚደግም ነው የሚመስለው። ከመካከላችን አንድ ሰው "ተው" ቢለው ኖሮ ምናልባት ይተው ነበር። እኔ ከሁሉም ቅርብ ነበርኩ። አፌ ውስጥ ክር ነበረና ክሩን እያኘክኩ ዝም አልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ሄዶ በቀሩት ድንጋዮች ላይ ብቻውን ቁጥር ጻፈ፤ ከወረቀቱ ላይ እያየ፣ ቅርጹን እየገለበጠ፣ ድምፅ ሳያሰማ። እኛም ተነሳን። መንደሩ በሦስት ሰፈር ተከፍሎ እንዲሰፍር ተወሰነ፤ ሦስቱም ሰፈሮች እምብርቱ ለእኛ ይገባል ተባባሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ዝናቡ መጣ። ሰዎቻችን በደረቁ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ውሃው በአንድ ጠዋት ድንጋዩን ከነቃሉ ይዞት ገባ።

ቤተ መቅደሱ ተገጥሞ አለቀ፤ አንድ ድንጋይ እንኳን ቦታውን አልሳተም። ፔንታያ እዚያው ዘበኛ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎች ስለ ልጁ ያነሱበት ነበር። "ቃሉ ውሃ ውስጥ ነው" ይላል፤ ሌላ የለም። እንደ መልስ ይበቃው ነበር። ኋላ ኋላ የሚጠይቀውም ጠፋ። እኔ ግን ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር እበሽቅ ነበር፤ ውሃው እንደ በር ተዘግቶለት እሱ ከኋላው ተቀምጧል እያልኩ። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። "ሊሆን ይችላል" አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

ኡሴናማ ሌላ ነበረች። በየዓመቱ የአበባው በዓል ሊደርስ ሲል አንድ ክንድ ጨርቅ ይዛ ትመጣለች፤ ከሳሪ ጋር የሚለበስ ሸሚዝ እንድሰፋላት። ለራሷ አይደለም።

"በምን ልክ?" አልኳት በመጀመሪያው ዓመት፤ እያወቅሁ።

"ደብተርህ ላይ አለ።"

አለ። የሳያማን ልክ የወሰድኩት መንደሩ ሳይሰጥም ነው፤ ደረቷ ሠላሳ ኢንች፣ ክንዷ ዘጠኝ። ሰፋሁላት። በሚቀጥለው ዓመትም መጣች፣ በሚቀጥለውም። ወደ አሥረኛው ዓመት ላይ ትዕግሥቴ አለቀና "ኧረ ኡሴናማ፣ ሰው እኮ ይወፍራል፣ ልጆችም ትወልዳለች" ብላት "አንተ የተባልከውን ስፋ" ብላ ኩም አደረገችኝ። ሸሚዞቹን ሣጥን ውስጥ ትደረድራቸዋለች። ባሏ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ የማሽላ ቂጣውን ሲበላ አይቼዋለሁ።

ሞባይል ሲመጣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቄ እየመጣች ከሳያማ ጋር በእኔ ስልክ ታወራ ጀመር። ሳያማ ቴናሊ ውስጥ ናት፤ ሁለት ወንዶች ወልዳለች፤ ሱባራዩዱ ወገቡን ታሞ ሥራ አቁሟል፤ እሷ ምግብ እየሠራች ትሸጣለች። ይህን ሁሉ የማውቀው ጆሮዬን ወደ መኪናው አዙሬ ባልሰማ ሆኜ እየሰማሁ ነው። ኡሴናማ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። ሳያማ ልምጣ ብላ ደወለችልኝ። ሄጄ ለፔንታያ ነገርኩት። "የማን ልጅ ናት የምትመጣው?" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የጠፋበትን ነገር የሚጠይቅ ሰው ነበር የሚመስለው። ስለዚህ በቀብሩ ቀን ስልኬን ከፍቼ ወደሚመታው የለቅሶ ከበሮ ያዝኩላት። ሰው ሁሉ አየኝ። ፔንታያም አየኝ። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ጉድጓዱን አየ። የዚያ ዓመት ሸሚዝ ተሰፍቶ እኔው ዘንድ ቀረ፤ የሚወስደው አልነበረም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ሁለት ዓመት ዝናቡ ከዳን፤ የግድቡ ውሃ በየሳምንቱ ወደ ኋላ ይሸሽ ጀመር። በበጋ በበጋ ጥቂት ይጎድላል እንጂ እንዲህ ጎድሎ አያውቅም። በመጀመሪያ የትልቁ የውሃ ጉድጓድ አፍ ታየ፣ ቀጥሎ የቤቶቹ መሠረት፣ ከዚያ የእኔ ሱቅ ደረጃ፤ ሦስቱም ደረጃዎች። ወጣቶቹ ሄደው ፎቶ ተነሱበት። እኔ ሄጄ ደረጃዬ ላይ ተቀመጥኩና ምን እንደምሠራ ግራ ገባኝ፤ ጫማዬን አራግፌ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት የመንደሩ ሊቀ መንበር ማዲሌቲ እየሮጠ መጣና እምብርቱ ወጥቷል አለን።

ሽማግሌዎቹ በዚህ ጊዜ አልተጨቃጨቁም፤ የተጨቃጨቁት አብዛኞቹ ሞተዋል። ድንጋዩን አምጥተን እዚህ እንትከል፣ ሴት ልጆቻችንን እንጥራ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለ እምብርት ኖረናል ተባለ። ከመሠረቱ ሳይሰበር ማውጣት የሚችል ማን ነው? ሁሉም ወደ ኮረብታው ቀና አለ። ማዲሌቲ ወጥቶ ጠየቀው። እሺ አለ፤ ውሃ ቅዳልን የተባለ ያህል።

በትራክተር ሄድን። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በየስንጥቁ ቀንድ አውጣ አለ። ድንጋዩ ቦታው ላይ ቆሟል፤ አንድ ጎኑ አረንጓዴ ለብሷል። ሰዎቹ ሁሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ወደ ኋላ ቀሩ። ማዲሌቲ የትራክተሩን ሞተር አስጠፋ። ምን እየጠበቅን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፔንታያ ተንበረከከና ድንጋዩ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል በጥፍሩ እየፈቀፈቀ ማራገፍ ያዘ። ረጅም ጊዜ ፈቀፈቀ። ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

"ባዋ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።"

"ምንን?"

"ታውቀዋለህ።"

መዳፉን ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ሳይነካው ቆየ። "ገና እርጥብ ነው" አለ። "ይድረቅ።"

ከዚያ ገመድ አምጡ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ሰውዬው ሠላሳ አምስት ዓመት ውሃውን ምክንያት አድርጎ፣ ውሃው ሲሄድ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ቁጭ አለ። ሆኖም እጁ ያው ጎበዝ እጅ ነው፤ ድንጋዩ ሳይጫር፣ ሲተከል ከስሩ የተቀበረችው የመዳብ ሳህን ሳትነቃነቅ፣ ወጥቶ ትራክተሩ ላይ ተጋደመ። ማዲሌቲ ደስ ስላለው ቀልድ አማረውና "ፔንታያ፣ እንደ ቤተ መቅደሱ ቁጥር አትጽፍበትም እንዴ?" አለው።

"የምትጽፈው የለችም" አለ ፔንታያ።

በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ማንም ሳያነሳበት ስለ እሷ ሲያነሳ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነው። እሱ ግን ምን እንዳለ ያወቀም አይመስልም፤ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የሴት ልጆችን ስም ያዙ። አባት ወይም ወንድም ስሙን ይናገራል፤ መልእክትና ሳሪ ይላካል። ፔንታያ ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ ቆሞ አንድም ቃል ሳይተነፍስ አያቸው፤ አለፉ። እኔ የዚያኑ ቀን ደወልኩላት። መጥራት የእኔ ድርሻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክሩን አኝኬ ዝም ያልኩበት ቀን ግን የእኔ ነው።

ሳያማ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። "ዳስታጊር አጎቴ፣ እሱ ጠርቶኛል?" አለችኝ።

"አልጠራሽም።"

"እንግዲያው አልገባም። ግን እመጣለሁ። ከውጭ እቆማለሁ። ኋላ አልተጠራሁም ብላ ነው የቀረችው እንዲባል አልፈልግም፤ መጥቼ ነው ያልተጠራሁት።"

የአባቷ ልጅ ናት፤ ድንጋይ።

በተከላው በዓል ቀን መንደሩ ሴት በሴት ሆነ። የሰባና የሰማንያ ዓመት ልጆች በልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ፤ ወላጅ የሌላቸውን ወንድሞቻቸው፣ ወንድም የሌላቸውን መንደሩ ተቀበላቸው። ለእያንዳንዷ እርድ የተቀባ ሩዝ ሳሪዋ እቅፍ ላይ ይፈስስላታል፤ ያን ካገኘች የአባቷ ቤት ልጅ ናት። በመንገዱ መሃል ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ድንጋዩ በገመድ ታስሮ በላዩ ተንጠልጥሏል፤ የሚያወርደው ፔንታያ ነው። አራት ወንዶች የወተት እንስራ ተሸክመው በመንደሩ አራት ዳር ቆመዋል፤ ድንጋዩ እንደተተከለ ወተቱን እያፈሰሱ ድንበሩን ያስራሉ፣ እስከ ማግስቱ ፀሐይ መውጫ ድረስ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። ያን ጊዜ ውጭ የቀረች ሴት ልጅ ለሁልጊዜው ቀረች።

ሳያማ ከአውቶቡስ መውረጃው አጠገብ፣ ወተት ከያዘው ሰው ሁለት እርምጃ ወጣ ብላ ቆማለች። ወፍራም ሴት፣ ሽበቷ በግንባሯ ላይ፣ በእጇ የፕላስቲክ ዘንቢል። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ያያታል። ፔንታያ ቀና አላለም።

ሥርዓቱን የሚመራው ሸክላ ሠሪው ጃንጋያ ነው፤ ከእኛ ሁሉ የሚበልጥ፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ። የኒም ዛፍ ቅጠል እያወዛወዘ ጠየቀ። "የመንደሩ ሴት ልጆች ሁሉ ገብተዋል?"

"ገብተዋል" አለ ሕዝቡ። ድምፁ ግን ሳሳ፤ ብዙዎች ወደ አውቶቡስ መውረጃው እያዩ ነበር።

"ሁሉም ገብተዋል?"

አሁን የመለሱት ጥቂት ናቸው። እኔ ፔንታያ ጎን ነበርኩ። አፌ ውስጥ ምንም ክር አልነበረም። "ባዋ" አልኩት በጆሮው፣ "ደርቋል።"

ጃንጋያ አየር ስቦ ሦስተኛውን ሊጠይቅ አፉን ከፈተ።

"አንድ ቀርታለች" አለ ፔንታያ።

ገመዱን ለማዲሌቲ አስያዘው። ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን የተንጠለጠለው ድንጋይ ላይ ጫነ፤ ድንጋዩ ትንሽ ተወዛወዘ፣ እስኪቆም ጠበቀ። "ሴት ልጅ አለችኝ" አለ። ሦስት ጊዜ ማለት ነበረበት፤ ሦስት ጊዜ አለ፣ በዚያው በድሮው ድምፅ። ከዚያ ስሟን ጠራ። ጮኾ አልነበረም፤ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ነው አውቶቡስ መውረጃው ድረስ የሄደው።

ዘንቢሏን ይዛ መጣች። አልሮጠችም። እግሩ ላይ ስትወድቅ አናቷን ዳሰሰ፣ ሩዙን በሁለት እጁ ዘግኖ እቅፏ ላይ አፈሰሰ፣ ተመልሶ ገመዱን ተቀበለና ድንጋዩን አወረደ። ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። እኔም እንደ ሕፃን ተነፋረቅሁ። እሱ ድንጋዩ ቀጥ ማለቱን በቱምቢው አረጋገጠ።

ከሰዓት በኋላ ድንበሩ ታስሮ፣ ፍየሉ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ሲያወራ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ወንበሬ ላይ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ምንም አልተሰማኝም" አለኝ። "ስጠብቅ ነበር። ቃሉን ሳነሳ አንድ ነገር ይመጣል ብዬ። ሩዙን ሳፈስላትም ጠበቅሁ። አልመጣም፣ ባዋ።"

"ግዴለም" አልኩት። "እሷ መጥታለች።"

"እናቷ ብትሆን ኖሮ ታውቅበት ነበር" አለ። እውነቱን ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ድንበሩ ተፈታ። አባትና ልጅ ወደ ኮረብታው ሲወጡ አየኋቸው፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ እያለከለከች። ሲመለሱ ምን እንዳሳያት ጠየቅኋት። በእግሩ ጫፍ አንድ ድንጋይ አሳየኝ፣ ጽሑፌ ነው፣ እንዲያ አስቀያሚ መሆኑን ረስቼው ነበር አለች። አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ኡሴናማ ያላነሳችውን ሸሚዝ አውጥቼ ሰጠኋት። በክንዷ ሞክራው ክርኗን አላልፍ አላት። ቤት ያለውንም ሣጥን አይታዋለች፤ ሠላሳ ምናምን ሸሚዝ፣ አንዱም አይገባትም። አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው።

ፔንታያ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ "ለካት" አለኝ።

"ምን?"

"አዲስ ልክ ውሰድ። በዓመት አንድ ትሰፋለህ አይደል? ጨርቁን እኔ አመጣለሁ።"

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። ደብተሩን ከፍቼ የድሮው ልክ ያለበትን ገጽ አገኘሁ፤ እሱን ሳልሰርዝ ከስሩ ለመጻፍ እርሳሴን አዘጋጀሁ። ሳያማ እጆቿን ዘርግታ ቆመች፣ መንገድ መንገዱን እያየች። ስለካ ድምፄን ከፍ አድርጌ መጥራት ልማዴ ነው።

"ደረት፣ አርባ ሁለት" አልኩ።

"አርባ ሁለት" አለ ፔንታያ ከበሩ።

እርሳሴ ቆመ። ሳያማም ዞር አለች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል፤ በግራ እጁ ምንም ሳይኖር የቀለም ቆርቆሮ እጀታ እንደያዘ ሰው ጣቶቹን አጥፏል።

"ትከሻ፣ አሥራ አምስት ተኩል።"

"አሥራ አምስት ተኩል።"

"ክንድ፣ አሥራ አራት" አልኩ።

አልደገመም። ጠበቅሁ። "አሥራ አራት" አልኩ እንደገና፣ ቀስ ብዬ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

ሳያማ ደገመችለት።